ሰው ካልተነቃነቀ የሚጠፋው መብራት

ፀሐይን የሠራ አምላክ አንድ ትልቅ ዕድል ነበረው፤ ሲሠራት አስተያየት የሚሰጥ ሰው ገና አልተፈጠረም። እኔ ግን መብራት የሠራሁት ሰው ከተፈጠረ፣ ያውም ባሕር ዳር ከከተመ በኋላ ነው። እዚህ ከተማ ስለ መብራት የራሱ ሐሳብ የሌለው ፍጡር ቢኖር የጣና ጉማሬ ብቻ ይመስለኛል። እሱንም ጠጋ ብዬ ስላልጠየቅሁት ነው።

እንጀራዬ ማስተማር ነው። በአንድ የሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፤ ማለትም ተማሪዎቼ እንዳይነኩት የምከለክላቸውን ነገር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ እውላለሁ። በምኖርበት በሰባታሚት ግን ስሜ "ኢንጂነሩ" ነው። ስሙን ለራሱ አወጣ ብላችሁ አትሙኝ፤ ሰው ሲያወጣልኝ ዝም አልሁ እንጂ። እናንተስ ብትሆኑ ታርሙ ነበር?

ይህን ስም አልቀበልም ያሉ አንድ ሰው አሉ፤ የባለቤቴ የሰናይት እናት፣ እማማ ጥሩዬ። በሰባት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን "ኢንጂነር" የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት "አማችዎ ሥራው ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቃቸው "ገመድ ይቀጥላል" ይላሉ፤ በቃ። ለሰናይት የተመኙላት አንድ ሐኪም ነበር አሉ። እኔ ቤታቸው በገባሁ ቁጥር እማማ ከኋላዬ በሩን አሻግረው ያያሉ፤ ሐኪሙ ተከትሎኝ የመጣ እንደሆነ ብለው መሰለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ኑሮ ላይ እያለሁ ነው ጋሽ ይበልጣል ያስጠሩኝ። ጋሽ ይበልጣል በአንድ ወፍጮ ቤት ጀምረው ጣና ዳር ባለ አምስት ፎቅ ሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ የገተሩ ሰው ናቸው። ሕንፃው አልቋል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ የቀረው መብራት ነው። "የውስጡንም የውጭውንም አንተ ንደፍልኝ" አሉኝ። እኔም ከደስታዬ ብዛት ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወደ አማቴ ቤት ሮጥሁ።

አጋጣሚው ደግሞ የሰናይት ታናሽ እህት ሙሉ ልታገባ ቀን የተቆረጠበት ሰሞን ነበር፤ ሰናይትም ለዝግጅቱ እዚያው ነበረች። "እማማ፣ የሙሉ ሰርግ በኔ አዳራሽ ነው የሚሆነው!" አልሁ። ልብ በሉ፤ ጋሽ ይበልጣል ገና አዳራሻቸው የኔ መሆኑን አልሰሙም።

"በገመድህ ልጄን እንዳታነድብኝ" አሉ እማማ ጥሩዬ።

"እማማ፣ በዚያ ሰርግ ላይ ከመብራት አንድ ነገር ቢጎድል ሁለተኛ ከደጅዎ አልደርስም!"

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በራ። በሰባት ዓመት ውስጥ እኔ በተናገርሁት ነገር እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። "ይሁን" አሉ፤ "ሰናይት፣ ምስክር ነሽ።"

ሰናይት ቤታችን ከገባን በኋላ እንባ ባቀረረ ዓይን አየችኝና "አንተ ሰው፣ እናቴንና አንተን በየተራ የምጠይቅ ባይተዋር ልታደርገኝ ነው?" አለችኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ቢገባኝስ ምን ዋጋ አለው፤ ፎካሪ ከፎከረ በኋላ መሸሽ አይችልም።

ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ፕላን ሠራሁ። አሁንም ቢሆን ስለዚያ ፕላን ሳስብ ልቤ ይቃጠላል። የግቢው መብራት ወደ መሬት ያያል፤ የሰው እግር የሚረግጥበትን ብቻ ያሳያል። የሐይቁ ወገን ጨለማ ይተዋል፤ እንግዳው ሐይቁን እንዲያይ። ውስጡ ደግሞ ሞቅ ያለ፣ ዓይን የማይወጋ። ፕላኑን ጋሽ ይበልጣል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ደግመው አደረጉ።

"መብራቱ የታለ?" አሉ።

"ይኸውና ጋሼ። ወደ መሬት የሚያየው።"

"መሬቱን ምን ላድርገው? መሬቱ የኔ መሆኑን አገር ያውቃል፤ ካርታ አለኝ። የሚበራው ሕንፃው ነው እንጂ! ስማ፣ ጎርጎራ ያለ ሰው ማታ ከቤቱ ወጥቶ 'ኧረ ያ ምንድን ነው?' ካላለ አንተ መብራት አልሠራህም።"

"ጋሼ፣ ጎርጎራ እኮ ከሐይቁ ማዶ ጫፍ ነው።"

"ታዲያስ! ለዚህ አይደል የተማርኸው?"

እሺ አልሁ። እዚህ ላይ ስለ በሽታዬ ልንገራችሁ። ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ፤ በትልቅ ሰው ፊት "አይሆንም" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ "እሺ" ሆኖ ይወጣል። አባቴም እንዲሁ ነበሩ፤ በይሉኝታ የሦስት ሰው ልጅ ክርስትና በአንድ ቀን ያነሡ ሰው ናቸው። እናም ሰገነቱ ላይ ስምንት ፓውዛ ተሰቀለ፤ ስምንቱም ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ጣና።

ቀጥሎ የጋሽ ይበልጣል ባለቤት እትዬ ዘውዴ መጡ። እሳቸው ደግሞ ጎርጎራን ትተው ወደ ሥነ ምግባር ገቡ። "ደብዘዝ ያለ መብራት የመሸታ ቤት ነው። በደብዛዛ ኮሪደር ጨዋ ሰው ምን ይሠራል?" አሉ። እሺ አልሁ። አሁን ኮሪደሩ ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል፤ እንግዳ ከክፍሉ ብቅ ሲል ፖሊስ የያዘው ይመስል ክንዱን ወደ ዓይኑ ያነሣል። ሥነ ምግባሩን የጨረሱት እትዬ ዘውዴ መግቢያው ላይ ሲደርሱ ግን ልባቸው ሌላ ፈለገ፤ ቀለም የሚቀያይር መብራት። እሺ አልሁ። እንግዳው አረንጓዴ ሆኖ ይገባል፣ ቀይ ሆኖ ስሙን ያስመዘግባል፣ ሐምራዊ ሆኖ ቁልፍ ይቀበላል። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያውን ከፊቱ ጋር ለማመሳከር የሰው መልክ ተራው እስኪደርስ ትጠብቃለች።

ፓውዛዎቹን ስሰቅል ከአጥሩ ሥር አንድ ሰው ቆመው ያዩኝ ነበር። ጋሽ ኑሩ ይባላሉ፤ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ ታንኳና ጀልባም ይሠራሉ። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ውኃ ዳር ነው የኖሩት።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ መብራት ወደ ሐይቁ አዙረህ የማንን እንግዳ ነው የምትጠራው?" አሉኝ።

"ከጎርጎራ እንዲታይ ነው ጋሽ ኑሩ።"

"ጎርጎራን እንጃ፤ ትንኙ ግን ያየዋል። ጨረቃ በሌለች ሰሞን ከውኃው ላይ እንደ ጭስ ነው የሚነሣው። እኛ ፋኖስ እንኳ ስናበራ ወደ ሐይቁ በኩል ከልለን ነው።"

እኔ የተማርሁ ሰው ነኝና ከመሰላሉ ሳልወርድ ስለ ብርሃን ሞገድ፣ ስለ ነጭና ስለ ቢጫ፣ ትንኝ ስለሚያየውና ስለማያየው አስረዳኋቸው። ጋሽ ኑሩ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ "ማሻ አላህ" አሉ፤ "ትንኙስ ይህን ተምሮታል?"

የሙከራው ዕለት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስምንቱን ፓውዛ አበራን። ጋሽ ይበልጣል፣ እትዬ ዘውዴ፣ ምግብ አብሳዩና አስተናጋጆቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው ተሰልፈዋል። ጣና እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ። ጋሽ ይበልጣል "አቤት!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ "አቤ" ላይ ዘጉት። ሦስተኛውን ፊደል ትንኝ ይዞት ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። የሐይቁ ትንኝ ዘመድ አዝማዱን ይዞ መጣ። ነጩ ግድግዳ ጠቆረ። ለሙከራ የተሠራው ነጭ ሩዝ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ፤ አንዱ አስተናጋጅ ሳያውቅ በልቶ "ቅመሙ ጥሩ ነው" አለ።

ጉድ ፈላ፣ አሁን ፓውዛውን አውርድ ይሉኛል ብዬ በልቤ ጮቤ ስረግጥ የጋሽ ይበልጣል ስልክ ጮኸ። ጎርጎራ ያለ የእህታቸው ልጅ ነው። "ጋሼ! አየሁት! ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ እያየው ነው!" ይላል። ጋሽ ይበልጣል ከአፋቸው ትንኝ እየጠረጉ አለቀሱ፤ እውነቴን ነው፣ በደስታ አለቀሱ። "ፓውዛው ንቅንቅ አይልም" አሉ። "ግን ጋሼ ትንኙ..." ብል "ትንኝ ነው፣ አንበሳ አይደለም፤ በር ዘግቶ ነው" አሉኝ። በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ ተረባርቦ በአዳራሹ በርና መስኮት ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ሰቀለ። ከመሸ በኋላ ሁሉም ይዘጋል፤ ከውጭ አንዲት ጭላንጭል አይገባም። አዳራሹ ከኔ መብራት በቀር ሌላ ብርሃን የሌለው ሣጥን ሆነ።

እስካሁን የነገርኋችሁ የሌላ ሰው ጥፋት ነው። አሁን የኔ ይመጣል።

ከዚያ ሁሉ እሺታ በኋላ አንድ የራሴ የምለው ነገር እንዲኖረኝ ፈለግሁ። ስለዚህ አዳራሹን ማብሪያ ማጥፊያ አልባ አደረግሁት። ኮርኒሱ ላይ ሴንሰር ተከልሁ፤ ሰው ሲገባ አይቶ ያበራል፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ እንቅስቃሴ ካላየ ሰው የለም ብሎ ያጠፋል። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ትንሿን ነገር አያያትም፤ ዓይን መርገብገብ፣ ራስ መነቅነቅ አይቆጠርም። ቢሆንም አምስት ደቂቃ ሙሉ እጅ እግሩን የማያንቀሳቅስ ሰው ካለ የሚያስፈልገው መብራት ሳይሆን ፍትሐት ነው ብዬ አሰላሁ።

እማማ ጥሩዬ አዳራሹን ሊያዩ መጥተው ግድግዳ ግድግዳውን ዞሩ።

"ማብሪያው የቱ ጋ ነው?"

"የለውም እማማ። መብራቱ ራሱ ያስባል።"

"ደግ ነው" አሉ፤ "ከሁለት አንዳችሁ ማሰብ አለባችሁ።"

አዳራሹ መጀመሪያ የተመረቀው ግን በሰርግ ሳይሆን በስብሰባ ነው። ባሕር ዳር መቼም የስብሰባ እናት ናት፤ የአገሩ መሥሪያ ቤት ሁሉ ችግሩን እየተሸከመ ጣና ዳር ይመጣል፣ ዓሣ ይበላበታል፣ ችግሩን ተሸክሞ ይመለሳል። የዚያን ቀን የመጡት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ርዕሱ "የሥራ ተነሣሽነትን ስለማሳደግ"። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ እንዳይገባ ጥቁሩ መጋረጃ ወርዶ የክብር እንግዳው ወረቀታቸውን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሥራዬን እያደነቅሁ ነበር። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ድርግም አለ።

ሴንሰሩ ሰው የለም አለ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳተም።

ማንም ንቅንቅ አላለም። የክብር እንግዳው በጨለማ "እ..." ሲሉ ከመሐል አንድ ሰው ከእንቅልፉ ባነነና ፕሮግራሙ ያለቀ መስሎት በኃይል አጨበጨበ። መብራቱ ቦግ! ሌላው ሁሉ ደንግጦ ተከትሎ አጨበጨበ። የክብር እንግዳው ፈገግ ብለው እጅ ነሡና ስምንተኛውን ገጽ ገለጡ። እንደገና ድርግም፣ እንደገና ጭብጨባ፣ እንደገና ቦግ። ሰው መቼም ብልህ ነው፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ምስጢሩ ለሁሉም ገባው። ከዚያ ወዲያ አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። የክብር እንግዳው ድምፃቸው እየጋለ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ መሐረብ አውጥተው "በሥራ ዘመኔ ሐሳቤን እንዲህ የተረዳልኝ ተሳታፊ አላየሁም" አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ የጋሽ ይበልጣል ስልክ አላርፍ አለ። ንግግር ያለው ባለሥልጣን ሁሉ "ያን አዳራሽ" ይላል። እኔ በበኩሌ ፈርቼ "ጋሼ፣ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ላስገባበት" ብላቸው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ጫፉን እንዳትነካው! ንካውና እንተያያለን!" እኔም፣ መቼም ታውቁኛላችሁ፣ እሺ አልሁ።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው እንቅልፍ አጣሁ። ሲጨፈር ችግር የለም፤ ሲበላም እጅ ይነቃነቃል። ምርቃቱ ትዝ ሲለኝ ግን ላብ አጠመቀኝ። የሙሽራው አያት አባባ ካሳ ከሐሙሲት ነው የሚመጡት፤ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ምርቃታቸው ሲጀመር የተጠነሰሰ ጠላ አሜን ሲባል ይደርሳል እየተባለ ይወራል። እሳቸው ሲመርቁ ደግሞ ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ነው ድርቅ ብሎ የሚቆመው። አምስት ደቂቃ አይበቃም።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ መሰላልና ካቻቢቴ ይዤ ተደብቄ ገባሁ። ሴንሰሩ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ወደ አንዱ ጎን ስትዞር ጊዜው ይረዝማል፣ ወደ ሌላው ስትዞር ያጥራል። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያስረዳው ወረቀት የተጻፈው በማላነበው ቋንቋ ነበር። አሰብሁ። የሚገዘተውም የሚመረቀውም በቀኝ እጅ ነው፣ ከአልጋ ስንወርድም በቀኝ አውለኝ እንላለን፤ ታዲያ ማርዘሚያው ከቀኝ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቀኝ እስኪቆም ድረስ አጠበቅሁት። አልሞከርሁትም። በሙያው የሚተማመን ሰው አይሞክርም።

ሰርጉ እሑድ ሆነ። አቤት ድምቀቱ! ሰው ይጨፍራል፣ መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ እኔ አዲስ ኮት ለብሼ ኮርኒሱን እያየሁ በሰው መሐል እንጎራደዳለሁ። "ያንተ ሥራ ነው?" ሲሉኝ "ኧረ ምኑ ተሠራ" እላለሁ፤ ጥያቄው እንዲደገም። እማማ ጥሩዬ እንኳ ቀና ብለው ለአፍታ አዩና "አይከፋም" አሉ። ሰናይት ሰምታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ቤት ሄጄ ላስቀምጠው የምችል ቢሆን ኖሮ በወረቀት እጠቀልለው ነበር።

ጀንበር ስትጠልቅ ውጭ ስምንቱ ፓውዛ በራ፤ ትንኙም ቀጠሮውን አክብሮ መጣ። በሮቹ ተዘጉ፣ ጥቁሩ መጋረጃ ወረደ። አባባ ካሳ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ዲጄው ዘፈኑን አቆመ። ሦስት መቶ ሰው ቆሞ እጁን ዘረጋ፣ አንገቱን ደፋ። ሙሉና ሙሽራው እግራቸው ሥር ተንበረከኩ።

"እንግዲህ ልጆቼ" አሉ አባባ ካሳ፤ "በመጀመሪያ ከሰማይ እንጀምር..."

ሰማዩን ሳይጨርሱ አዳራሹ ድርግም አለ።

ወደ ቀኝ ማሳጠሪያ ኖሯል። አምስቱን ደቂቃ ግማሽ ደቂቃ አድርጌዋለሁ።

"ኧረ ምን ዓይነት ገድ ነው!" አለች አንዲት ሴት ከሙሽራው ወገን። "በምርቃት መካከል! ኧረ ስለ እመቤቴ!" አለች ሌላዋ። ሹክሹክታው እንደ እሳት ተዛመተ። በጨለማው ውስጥ ሙሉ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት። ያቺ ልጅ ቤታችን ስትመጣ ጫማዬን የምትደብቅብኝ፣ ወንድሜ የምትለኝ ልጅ ናት፤ ልቅሶዋ አንጀቴን በላው። ከዚያ ሁሉ ድምፅ በላይ የእማማ ጥሩዬ ድምፅ ተሰማ።

"ያ ገመድ ቀጣይ የት ነው ያለው?"

ሁለት እጄን ወደ ላይ ወርውሬ ዘለልሁ። መብራቱ ቦግ አለ። ሦስት መቶ ሰው ያየው የመጀመሪያው ነገር እኔን ነው፤ በአዳራሹ መካከል እጄን ሰቅዬ እንደ ተማረከ ወታደር ቆሜ።

አባባ ካሳ ግን አልተናወጡም። "የተቋረጠ ምርቃት አይቀጠልም" አሉ፤ "ከራሱ ይጀመራል። በመጀመሪያ ከሰማይ..."

ምን ይደረግ? ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ላጨብጭብ እንዳልል ሽማግሌ እየመረቀ አይጨበጨብም። እጄን እንዳላወናጭፍ ንብ የወረረኝ እብድ እሆናለሁ። ሰው ፊት፣ እጅ ተዘርግቶ፣ አፍም አሜን እያለ ሊነቃነቅ የሚችል አንድ የሰውነት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ ትከሻ። ወደ ሙሽሮቹ ተጠጋሁ፣ ልክ ከሴንሰሩ ሥር ቆምሁ፣ እጄን ለምርቃት ዘረጋሁ፣ ትከሻዬን መስበቅ ጀመርሁ።

አባባ ካሳ ስለ ዝናብ ይመርቃሉ፤ እኔ እስክስታ እመታለሁ። ስለ ላምና ስለ በሬ ይመርቃሉ፤ እኔ እስክስታ እመታለሁ። ሰው ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ ያፈጥብኛል። ሰናይት ከኋላዬ መጥታ "ምን ሆነሃል? ጠጥተሃል እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"ካቆምሁ ይጠፋል!"

የሙሽራው አጎት ግን ይህን አልሰሙም። ክብራቸው ተነክቶ መጡና በኮቴ አንገት ጨምድደው አስቆሙኝ። ቆምሁ። አዳራሹ ድርግም። ኡኡታው ከመነሣቱ በፊት ከጃቸው ተመንጭቄ ተንቀጠቀጥሁ፤ ቦግ። ይህን ጊዜ እማማ ጥሩዬ እኔን አዩኝ፣ ኮርኒሱን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ሞኝ አይደሉም።

አባባ ካሳ ሦስተኛ ከሰማይ ጀመሩ።

ትከሻዬ የጠመኔ ትከሻ ነው፤ ሰሌዳ ከማጥፋት ያለፈ ሥራ አያውቅም። ገና ዝናቡ ላይ ስንደርስ ቀኜ ተሳሰረ። ላሙ ላይ ግራዬ ተከተለ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ መብራቱ እንደ መጥፋት ቃጣው። አለቀ፤ ሙሉ በጨለማ ልትመረቅ ነው፣ ዕድሜ ልኳን አንድ ነገር በጎደለባት ቁጥር ይህን ምሽት ልታስብ ነው፣ እኔም ከዚያ ቤት ደጅ ላልደርስ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ዓይኔን ስገልጥ እማማ ጥሩዬ አጠገቤ ቆመዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሳቸውን ትከሻ ሲነቃነቅ ያየ ሰው የለም፤ በኛ ሰርግ ላይ እንኳ ከወንበራቸው አልተነሡም። ነጠላቸውን አጣፉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ፊታቸውን እንደ ቅዳሴ ቆጣ አድርገው "አሜን!" አሉና ትከሻቸውን መቱት። ያውም እንዴት አድርገው! እኔን አላዩኝም። ሙሉን ብቻ ነው የሚያዩት።

የኛ ወገን እማማን ሲያይ ተከተለ። የሙሽራው ወገን መጀመሪያ ተያየ። "የሙሽሪት ቤት ወግ ይሆናል" አለ አንዱ። የሰው ወግ አለማክበር ነውር ነው፤ ሐሙሲቶችም እኛ እናንሳለን ወይ ብለው ገቡበት። ሦስት መቶ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከአሜን በቀር ከንፈሩን ሳያላቅቅ ትከሻውን ይሰብቃል። የያዙኝ አጎት ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ከፊት ወጡ። አባባ ካሳ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ ግን አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማቸው መሰለኝ ከላሙ ወደ ንቡ፣ ከንቡ ወደ ጤፉ፣ ከጤፉ ወደ ጣና ዓሣ ተሻገሩ። ዘር ማንዘር መረቁ፣ ያልተወለደ መረቁ። መብራቱ አንዴም አልተርገበገበም። ሙሉ እንባዋ ሳይደርቅ ስትስቅ አየኋት።

ማታውኑ እማማ ጥሩዬ ቃል ሳይተነፍሱኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ሰናይት ስማቸውን ስታይ ፊቷ ነጣ።

"አባባ ካሳ ሰው ልከውብኛል" አሉ እማማ፤ ሰላምታ የለ፣ እንደምን አደርህ የለ። "ሰባ ዓመት ስመርቅ ሰው እያንቀላፋ ነው አሜን የሚለኝ፤ ምርቃቴን እንዲያ በደስታ የተቀበለ ሕዝብ አላየሁም ብለዋል። የሌላይቱ የልጅ ልጃቸውም ሰርግ በዚያ ወግ ይሁንልኝ ብለዋል። እኔም የእናት የአባቴ ወግ ነው አልሁ። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ላንተ ገመድ ስል ዋሸሁ።"

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንደ ቃሌም ከደጅዎ..."

"አስጨርሰኝ!" አሉ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። "ዛሬ ጠዋት ትከሻዬ አልነሣ አለኝ። ነጠላዬን መልበስ አቃተኝ። ይኸኔ፣ የእሱስ ትከሻ እንዴት አድሮ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ስላንተ ሳስብ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት አደርህ?"

"ደህና ነኝ እማማ" አልሁ። ደህና አልነበርሁም፤ ሁለቱም እጆቼ አልታዘዝ ብለውኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደግፋ የያዘችልኝ ሰናይት ነበረች፤ እሷም ሁሉንም ሰምታ ታለቅስ ስለነበር ስልኩ ይንቀጠቀጥ ነበር።